ለኪ ቁጥር አራት

ሰው ቁጥርን ከራሱ ሲፈጥር ሦስትንና ሰባትን ይወዳል። ዜሮንና አምስትን ይሸሻል፤ በጣም ሙሉ ሆነ፣ ይነቃብኛል ብሎ ይፈራል። በእውነት የሚለካ ሰው ግን ሌላ ነው። መርፌው በሁለት መስመር መሃል ሲቆምበት ዓይኑ ወደ ዜሮ ወይም ወደ አምስት ይሳባል። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምራለሁ፣ በየዓመቱም ይስቃሉ። እኔም አብሬያቸው እስቅ ነበር፤ የአባቴን ሰባቶች መቁጠር እስክጀምር ድረስ።

የምሠራው የሰው ልጅ ከወላጆቹ ምን እንደሚወርስ በሚያጠና ተቋም ውስጥ ነው። ሥራዬ ሌሎች የሰበሰቡትን ቁጥር ማበጠር ነው። ተቋሙን የመሠረቱት «ትልቁ ፕሮፌሰር» ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ስማቸው ግን አሁንም ትልቁ አዳራሽ በር ላይ አለ። ያ የስም ሰሌዳ ይነሳ አይነሳ እየተባለ ሠራተኛው ዓመቱን ሙሉ ለሁለት ተከፍሎ ሲናከስ ከርሟል። ግማሹ፣ ልጆችን እንደ እህል በወንፊት የነፋ ሰው ስም ምን ይሠራልናል ይላል። ግማሹ ደግሞ፣ የእሳቸው ቀመር ባይኖር ማናችንም እዚህ አንቀመጥም ነበር ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሁለቱም ያናድዱኛል። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ሰሌዳው ሲጮሁ አንድም ሰው ምድር ቤት ወርዶ የጥናቱን ዋና ቅጾች አልገለጠም።

እኔ የወረድኩትም ወድጄ አይደለም። የትምህርት ቢሮው ለተቋማችን ደብዳቤ ጻፈ፤ መለያ ፈተናው ይቀጥል ወይስ ይቅር፣ እስከ ረቡዕ ቀን ስድስት ሰዓት ድረስ በፊርማ አሳውቁን አለ፤ ቁጥሩን መርምሬ እንድፈርም የተመደብኩት እኔ ነኝ። መለያ ፈተና ማለት ልጆች በአሥራ አንድ ዓመታቸው የሚቀመጡበት ፈተና ነው። ያለፈ ወደ ቀለም ትምህርት ይሄዳል፤ የወደቀ ወደ እጅ ሙያ ይሄዳል፣ በሩም ከኋላው ይዘጋል። የቆመው በትልቁ ፕሮፌሰር የመንትዮች ጥናት ላይ ነው። ጥናቱ በሕፃንነታቸው ተለያይተው በተለያየ ቤት ያደጉ መንትዮችን ይለካል። ብርሃን ሲበራ ልጁ ቁልፍ ይጫናል፣ በስንት ጊዜ እንደተጫነ መርፌው ያሳያል፤ ፕሮፌሰሩ የእጅ ፍጥነት የጭንቅላት ፍጥነት ነው ባይ ነበሩ። የተለያዩት መንትዮች እንደ አንድ ሰው ተመሳስለው ተገኙ። እንግዲያው ቤቱም፣ አስተማሪውም፣ ድካሙም ምንም ለውጥ አያመጣም፣ ጭንቅላት ከደም ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ጥናት ሁሉ ያንኑ እየጠቀሰ የሚሄድ ነው።

መንትዮቹን የለኩት አምስት ሰዎች ናቸው። አባቴ ለኪ ቁጥር አራት ነበር፤ ቁጥሩ በየቅጹ ጥግ ላይ ይጻፋል። ሣጥኑን የከፈትኩት እንደውም ኮራ ብዬ ነው፣ የአባቴን የእጅ ጽሕፈት ልይ ብዬ። የሰባት ሆድ ላይ አግድም ያሰምራል፤ እኔም ሰባትን የተማርኩት ከሱ ነው።

ሦስት ሳምንት ቆጠርኩ። አባቴ የለካቸው ጥንዶች ዘጠና አራት ናቸው። እስከ አሥራ አንደኛው ጥንድ ድረስ ሁሉም ደህና ነው፣ ሰው የለካው ይመስላል። ከአሥራ ሁለተኛው ጀምሮ ግን የመጀመሪያው መንታ ቁጥር እንደነበረ ሲቀጥል የሁለተኛው ተለወጠ። እያንዳንዱ ልጅ አሥር ጊዜ ስለሚለካ ስምንት መቶ ሠላሳ ቁጥር አለ፤ በሰባት የሚያልቀው ሰማንያ ያህል መሆን ሲገባው መቶ ዘጠና ሆነ፣ በዜሮ የሚያልቀው አሥራ አራት ብቻ። የሁለቱ መንትዮች ቁጥር ስምንት መቶ ሠላሳ ጊዜ ጎን ለጎን ተጽፎ አንድም ጊዜ እኩል አልወጣም። እኩል መሆንን የሚፈራው ቁጥር የሚፈጥር ሰው ብቻ ነው። ይህን ያጋለጠልኝ ቀመር ደግሞ የትልቁ ፕሮፌሰር የራሳቸው ነው፤ ጥሩ ሥራ ባለቤቱንም አይምርም።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት መቀመጫዬ ላይ እሾህ የበቀለ ይመስል ነበር። ስበላ እነሳለሁ፣ ተነስቼ ለምን እንደተነሳሁ እረሳለሁ። መኪናዬ ተበላሽታ ስለነበር ማታ ማታ ከሥራ የሚወስደኝ ወንድሜ ነው፤ እሱ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ ሆኜ ከራሴ ጋር እጨቃጨቃለሁ። አባቴን ሳልጠቅስ፣ አንድ ለኪ ሳይሄድ ሄድኩ ብሏል፣ የማረጋግጥበት ጠፋኝ እያልኩ እነጫነጫለሁ። እሱም ዝም ብሎ መንገዱን ያያል።

ማክሰኞ ከሰዓት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ድምፁም አይወጣም። ሠንጠረዦቼን አንድ በአንድ አገላብጦ አየና፣ የቁጥር ጅራት ቆጥሮ የሰው ስም ማጥፋት እንደማይቻል ነገረኝ። ይህ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ቢሮው ይስቅብናል፤ እዚያ የነበረ ሰው በፊርማው ይናገር፣ ያኔ ፈተናው ይቅር ብለሽ ፈርሚ፣ እኔም ከጎንሽ እቆማለሁ አለኝ። ከለኪዎቹ በሕይወት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቅዳሜ በሚከበረው የተቋሙ የምሥረታ በዓል ላይ ፊት ወንበር እንዲቀመጥ የጋበዘው ራሱ ዳይሬክተሩ ነው። የማን አባት እንደሆነ ያውቃል። እንደማላመጣውም ያውቃል።

ረቡዕ ጠዋት አባቴ የሚፈርምበት አንድ ገጽ ጽፌ በእግሬ ወደ ቤቱ ሄድኩ፤ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም።

በሩን የከፈተልኝ ወንድሜ ነው። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል፣ መካኒክ ነው፣ ሰፈሩም ቤተሰቡም ብሎን ይለዋል። ከአባቴ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራል። በአሥራ አንድ ዓመቱ መለያ ፈተናውን ወደቀ፤ እኔ ተራዬ ሲደርስ አለፍኩ። ቤታችን ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ በእጁ ያልፋል፣ ወረቀት ያለበት ጉዳይ ሲመጣ ግን «እናንተ የተማራችሁት ተነጋገሩ፣ የኔ ጭንቅላት ከሁለተኛ ማርሽ አያልፍም» ብሎ ይወጣል። እንስቃለን። እሱም ይስቃል። የዚያን ቀንም እጄ ላይ ወረቀት ሲያይ ሻይ ቀድቶልኝ ወደ ግቢው ወጣ፣ ከመኪናው ሥር ገባ።

አባቴ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ የዓይን ጠብታውን ያንጠባጥባል። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጠብታውን አሁንም በድምፅ ይቆጥራል። የቅዳሜው ሙሉ ልብስ ተተኩሶ ቁም ሣጥኑ በር ላይ ተሰቅሏል። ቁጭ በይ አለኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«አባዬ፣ ከአሥራ ሁለተኛው ጥንድ በኋላ ሁለተኛዎቹን መንትዮች አልለካሃቸውም» አልኩት።

«ማን ነገረሽ?»

«ሰባቶችህ።»

የጠብታውን ክዳን ዘጋ፤ ሁለት ጊዜ አጠበቀው። መጀመሪያ ላይ ተቆጣ። ያኔ ስለ መንገዱ ምን ታውቂያለሽ አለኝ። አንደኛው መንታ አንድ ከተማ፣ ሌላው አክስቱ ዘንድ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ፤ ክረምቱ፣ ጭቃው፣ ደርሰህ ልጁ የለም መባሉ። አሥራ አንድ ጊዜ ግን ሄጃለሁ አለ። አሥራ አንድ ጊዜ ሄጄ አሥራ አንድ ጊዜ ያንኑ ነው ያገኘሁት። በአሥራ ሁለተኛው ድልድዩ ተሰብሮ ነበር።

«ውሸት አልመሰለኝም። ብሄድም የማገኘው ያንኑ ነበር፤ መንታ መንታ ነው ብዬ ነው። ጊዜ የቆጠብኩ ነው የመሰለኝ» አለ።

ያዘጋጀሁትን ሠንጠረዥ ከራሱ ቅጾች ጋር ፊቱ ዘረጋሁለት። ከአሥራ አንዱ ጥንድ ሰባቱ ይቀራረባሉ፤ አራቱ ግን አይገናኙም፣ የማይተዋወቁ ልጆች ናቸው። አላመነኝም። ማጉያ መነጽሩን አምጥቶ የራሱን ጽሕፈት አንድ በአንድ፣ በጣቱ እየተከተለ ተመለከተ። ከማይገናኙት አንዱ ላይ፣ ስምንተኛው ጥንድ ላይ፣ ጣቱ ቆመ። ከዚያ ወዲህ አልተቆጣም።

«የተመሳሰሉትን ሰባቱን ብቻ ነው የማስታውሰው» አለ።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። የመጣሁት ለፊርማ ነው፣ ሰዓቱም ይሄዳል። ግን አርባ ምናምን ዓመት የቆየ ነገር አፌ ላይ መጣ። የብሎን ውጤት በተለጠፈ ጊዜ ወላጅ ልጄ ድጋሚ ይፈተን ብሎ ለመፈረም አሥር ቀን ነበረው። እናታችን ነፍሷን ይማረውና እነዚያን አሥር ቀናት ስትለምነው ከርማለች፤ የሷ ፊርማ አይበቃም ነበር፣ የአባት ይፈልጋል። አባቴ አልፈረመም። ልጁን ማስጨነቅ ነው፣ ያለው ይኸው ነው አለ።

«ቁጥሩን የፈጠርከው አንተ ነህ። እንዴት መልሰህ አመንከው?» አልኩት።

እኔ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ።

«መጽሐፍ ሆኖ ሲመጣ የኔ አልመሰለኝም» አለ በመጨረሻ። «ቀመር ነበረው፣ ሥዕል ነበረው። ፕሮፌሰሩ አምኖታል፣ ሚኒስትሩ አምኖታል። እኔ ማን ነኝ አልኩ።»

ልጮህበት ፈለግኩ። አዘንኩለትም፤ ሁለቱ አንድ ላይ መምጣታቸው ይበልጥ አናደደኝ። ወረቀቱን አውጥቼ ላነብለት ስል እጁን አነሳና፣ አንቺ አይደለሽም፣ እሱ ያንብብ አለኝ። በመስኮቱ በኩል «ልጄ፣ ና እስቲ አንድ ነገር አንብብልኝ» ብሎ ተጣራ።

ብሎን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። ዘይት እንዳይነካው ወረቀቱን በጠርዙ ያዘ። የሞተር መመሪያ እንደሚያነብ ሰው፣ ሳይቸኩልና ሳይደናቀፍ ያነባል። «እኔ ለኪ ቁጥር አራት፣ ከአሥራ ሁለተኛው እስከ ዘጠና አራተኛው ጥንድ ድረስ ሁለተኛውን መንታ አልለካሁም፤ ቁጥሩን የጻፍኩት ከመጀመሪያው ተነስቼ በግምት ነው» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ኋላ ተመልሶ በዓይኑ ደገመው። አባቴ ቀጥል አለው። «መለያ ፈተናው የቆመበት ጥናት ዋናው ክፍል ይህ ነው» እስከሚለው ድረስ ቀጠለና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ድጋሚ ይፈተን ብለህ ለመፈረም አሥር ቀን ነበረህ አይደል?» አለ ብሎን።

«አሥር ቀን።»

«በአሥሩ ቀን ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አላሰብክበትም?»

«በየቀኑ አስቤበታለሁ» አለ አባቴ። «ቅጹን ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞር ነበር። አንተንም አያለሁ፣ ቁጥሩንም አያለሁ። ቁጥሩን አመንኩት።»

ወንድሜ ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። አባቴ እስክሪብቶ ጠየቀ፤ የት ጋ እንደሚፈርም ያሳየው ብሎን ነው፣ በጣቱ መስመሩን ነክቶ። ፊርማው ረጅም ጊዜ ወሰደ። ገና ሳይጨርስ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳ መታገሥ አልቻልኩም።

«እንሂድ፣ ይረፍድብሻል» አለኝ ወንድሜና የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

ለስድስት ሰዓት ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀራል፣ መንገዱ ተጨናንቋል። ኋላ ያሉት መፍቻዎች በየጉድጓዱ ይንኳኳሉ። ብሎን እንደ ወትሮው መንገዱን እያየ ይነዳል። እኔ ደግሞ ወረቀቱን በጉልበቴ ላይ አስተካክላለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ፣ ፊት ለፊት ያለውን መኪና እሰድባለሁ። ይቅርታ ልለው አሰብኩ። ግን እኔ አይደለሁም ያደረግሁት።

ቀይ መብራት ላይ ስንቆም፣ ማታ ማታ የምትነጫነጪባቸው ሰባቶች ምንድን ናቸው አለኝ። ነገርኩት። ለተማሪዎቼ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚወስድብኝን ነገር፣ መብራቱ አረንጓዴ ሳይሆን ጨርሶ ገባው።

«ሹፌሮችም እንደዚያ ናቸው» አለ ማርሽ እያስገባ። «ሳይሄዱ ሄድን ሲሉ የሚጽፉት ኪሎሜትር ሙሉ ቁጥር አይሆንም። ለመሆኑ የጉዞ መዝገቡን አየሽው?»

«የምን ጉዞ መዝገብ?»

«የመኪናው ነዋ። አባዬ ይሄድ የነበረው በተቋሙ መኪና አይደል? መኪና ከግቢ ሲወጣም ሲገባም ኪሎሜትሩ ይጻፋል። የሚጽፈው ሹፌሩ ነው፣ ቆጣሪውን ራሱ አይቶ የሚፈርመው የጋራዥ ኃላፊው። የሁለት ቀን መንገድ ካልሄደ ቆጣሪው አይነሳም። ያን መዝገብ ማንም አይጥለውም፤ ጋራዣችሁ ጀርባ ያለው መጋዘን ውስጥ ተደርድሯል። አምና መኪናችሁን ልሠራ ስመጣ ተደግፌበት ነው ምሳዬን የበላሁት።»

ይህ ጥርጣሬ አይደለም፣ ማስረጃ ነው። ዳይሬክተሩ የሚለው አያገኝም ነበር። የማንም ሽማግሌ ፊርማ አያስፈልግም ነበር፤ ማጉያ መነጽሩም፣ ያ ስምንተኛው ጥንድ ላይ የቆመው ጣትም። ሁለት ረዳቶች አሉኝ፣ ሁለቱም ዶክተሮች ናቸው። ሦስታችን ሦስት ሳምንት አንገታችንን ደፍተን የቁጥር ጅራት ስንቆጥር ሰውየው በምን ሄደ ብለን አልጠየቅንም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። «በየቀኑ እዚሁ ወንበር ላይ ሆኜ ስነጫነጭ እየሰማህ!»

«አልጠየቅሽኝማ» አለ። አልተቀየመም፣ እንዲሁ ነው ያለው። «ከራስሽ ጋር የምታወሪ መስሎኝ። ደግሞ እናንተ ያላያችሁት ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።»

ተቋሙ በር ላይ ስንደርስ ለስድስት አሥር ጉዳይ ነበር። ልወርድ በሩን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። የአባቴን ወረቀት ልደብቀው አሰብኩ፣ አልዋሽም፤ መዝገቡ ካለ ይህ ለምን ይውጣ፣ ቅዳሜ ልብሱን ለብሶ ፊት ወንበር ይቀመጥ አልኩ። ብሎን ገባው መሰለኝ፣ የፈረመውን አስገቢ፤ አንዴ ፈርሟል፣ መዝገቡም ይደግፈዋል አለኝ።

አሁንም አልወረድኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ ሰዓት እየሄደብኝ ቁጭ ያልኩት። ጠዋት ሙሉ አባቴን ስከስሰው ነበር። እሱ አሥር ቀን ቅጹን በኪሱ ይዞ ዞሯል። እኔ ደግሞ ከወንድሜ ጎን ሦስት ሳምንት ተቀምጬ፣ መልሱ ከኔ አንድ ክንድ ርቆ መሪ ጨብጦ ሳለ፣ አንተስ ምን ትላለህ ብሎ መጠየቅ በሐሳቤ አልመጣም። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታትም አልመጣም።

«እኔም አምኜው ነበር» አልኩት።

«ምኑን?»

«ውጤትህን።»

በመስታወቱ የግቢውን በር አየ። ጥበቃው ግቡ ወይም ሂዱ እያለ በእጁ ምልክት ይሰጠናል።

«እኔም» አለና ሞተሩን አጥፍቶ፣ መዝገቡ ወዳለበት ሊወስደኝ ከኔ ቀድሞ ወረደ።